የትኛው ባቢቺ?

ዶቦይ ባቡር ጣቢያ፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ ትኬት የምትቆርጠው ሴካ ባቢች ለመንገደኛ ብዙ ቃል አታባክንም ነበር። ሰውየው የሚወርድበትን ይናገራል፣ እሷ ትኬቱን ቆርጣ ማህተም ትመታለች፣ "ቀጣይ" ትላለች፣ አለቀ። አንዱ ግን "ባቢቺ ልሄድ ነበር፣ የቱ ጋ ልውረድ?" ያለ እንደሆነ እጇን ከማህተሙ ላይ አንስታ በመስታወቱ ቀዳዳ ሰውየውን ቀና ብላ ታየዋለች።

"የትኛው ባቢቺ?"

"እንዴ! ስንት ባቢቺ አለ?"

"እኔ የማውቀው ዘጠኝ።"

መንገደኛው ለሥራዋ የምትጨነቅ ሠራተኛ ትመስለው ነበር። የጣቢያው ሰዎች ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

ሴካ ወደ ከተማ ስትመጣ የአራት ዓመት ልጅ ትሁን የአምስት፣ የሚያውቅ አልነበረም። በጦርነቱ ሁለተኛ በጋ ላይ ወታደሮች መንደሮቹን እየከበቡ ሰዉን ሲያፈናቅሉ፣ ከእናቶቻቸው የተለዩ ሕፃናት በከብት ፉርጎ ተጭነው መጡ። ከአራት አቅጣጫ የመጡ ፉርጎዎች አንድ ጣቢያ ላይ ተገናኙና ልጆቹ ተደበላለቁ። አንዲት ነርስ እርሳስና ካርቶን ይዛ ልጆቹን አንድ በአንድ ትጠይቅ ጀመር።

"አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"የባቢች።"

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከባቢቺ።"

"ስምሽ ማነው?"

"ሴካ።"

ነርሷ ሦስቱንም ጻፈች፣ ካርቶኑንም በሲባጎ አንገቷ ላይ አሰረችላት። ሦስቱም ግን ምንም የሚናገሩ አልነበሩም። ሴካ የክርስትናም ሆነ የሌላ ስም አይደለም፤ ትንሿን እህት በቤት ውስጥ በፍቅር የሚጠሩበት ነው። ባቢች እንደሆነ ባባ ከሚለው፣ ከሴት አያት የመጣ ስም ነውና አያት ያልነበረው ቤተሰብ ስለሌለ፣ ከወንዝ እስከ ወንዝ ባቢች የሞላበት አገር ነው። ኦርቶዶክስ ባቢች አለ፣ ካቶሊክ ባቢች አለ፣ እስላም ባቢች አለ። ብዙ ባቢቾች አንድ ላይ የሰፈሩበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ባቢቺ ይባላል። ስለዚህ ልጅቷ የየት አገር ሰው እንደሆነች ብቻ ሳይሆን በየትኛው እምነት እንደተወለደችም የሚያውቅ ጠፋ። የሕፃናት ማሳደጊያው ሠራተኞች በፋሲካ ቀይ እንቁላል፣ በኢድ ደግሞ ጣፋጭ ይሰጧት ነበር፤ እሷም ሁለቱንም ትበላ ነበር።

ከቤቷ ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ትዝታ ነው፤ እስከ ክንዷ ድረስ እጇ የጠቆረ አንዲት ሴት ከላይ ጎንበስ ብላ ስታያት። ሁለተኛው ትንሿ ጣቷ ነው። የሁለቱም እጆቿ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የጎበጠች ነበረች። የማሳደጊያው ሐኪም በቀጭን እንጨት አስሮ ሊያቀናት አንድ ክረምት ሙሉ ሞክሮ ተወው።

አደገች፣ የባቡር ትምህርት ቤት ገባች፣ ዶቦይ ተመደበች። ኦስቶያ የሚባል በባቡር ሞተር ላይ ከሰል የሚጨምር ትልቅ ሰውነት ያለው ቀልደኛ ሰው አገባች፤ ሁለት ሴት ልጆችም ወለዱ። የባቡር ሠራተኛ በዓመት ፈቃዱ ጊዜ ያለ ክፍያ የትም መሄድ ስለሚችል፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ሴካ የጣቢያውን ካርታ ከግድግዳው ላይ አውርዳ ባቢቺዎቹን ሁሉ በቀይ እርሳስ አከበበቻቸው። ባልደረቦቿ በፈቃዳቸው ወደ ባሕር ሲወርዱ እሷ ከዚያ ወዲህ ወደ ባቢቺ ትሄድ ጀመር።

የመጀመሪያው ባቢቺ በሳቫ ወንዝ አጠገብ ነበር። ካቶሊኮች ናቸው፤ ቄሱ መዝገብ አውጥተው በጦርነቱ የጠፋ ልጅ እንደሌለ አሳይተዋት፣ ምሳ አብልተው ሸኟት።

ሁለተኛው ባቢቺ እስላሞች ነበሩ። ከግራቻኒጻ ከተማ ተነስታ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ስትደርስ፣ ከመስጊዱ በታች ባለው ምንጭ አጠገብ ሃምዲያ የሚባሉ የፈረስና የከብት ነጋዴ ፈረሳቸውን ያጠጡ ነበር። አጭር፣ ጺማቸውን የሚከረክሙ፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ናቸው።

"የማን ነሽ ልጄ?" አሏት።

"የባቢች።"

"እኛም የባቢች ነን። እዚህ መንደር ባቢች ያልሆነው ይሄ ፈረስ ብቻ ነው፣ እሱም ከዘመዶቼ ይሻላል። ማንን ብለሽ መጣሽ?"

ሴካ ነገሯቸው። ፈረሱ ጠጥቶ ጨርሶ ቆሞ ሲጠብቅ ሃምዲያ እየሰሙ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከኛ የጠፉት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ወንዶች። ወንድ ሆነሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ አልለቅሽም ነበር።"

"ምን ላድርግ አባባ፣ አልሆንኩም።"

"ምንም አይደል። ነይ፣ ሚስቴ የድንች ፒታ ጋግራለች። የእግርሽን መንገድ እንኳ አትክሰሪ።"

ከበላች በኋላ ሃምዲያ አድራሻዋን አጻፏት። ጣቷንም አይተው፣ "ይሄ ማህተም ነው። ከወረቀት ይሻላል" አሉ። ከመንደሩ የጠፉትን የሁለቱን ወንዶች ልጆች ስም እሷም ጻፈች። ከዚያ በኋላ በሄደችበት ባቢቺ ሁሉ ስለ እነሱም ጠየቀች፤ አንደኛው በሕይወት ተገኘ፤ ሰሜን አገር በሌላ ስም ያደገ የእንጨት ሠራተኛ ነበር። ይሄ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በሃያ አንደኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ ከያይጼ ከተማ በላይ ወደሚገኘው ባቢቺ ወጣች። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። ዝናብ ስለነበር ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። በመንደሩ መግቢያ፣ በፕሪም ዛፎች መካከል፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት እንጨት ይሰበስቡ ነበር። ስማቸው ቫሲሊያ ነው። ባላቸውና አንዲት ሴት ልጃቸው በጦርነቱ ሄደው ያልተመለሱላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

ሴካ ሰላም ብላ ነገሩን ገና ከመጀመሯ፣ አሮጊቷ እንጨቱን ጥለው ቀረቧትና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሚልካ" አሏት። "ሚልካዬ።"

"እማማ፣ እኔ... ሴካ ነበር የሚሉኝ።"

"ሴካ እንልሽ ነበር። ታዲያ ምን ልንልሽ ኖሯል? ግቢ፣ ጭቃሽን አራግፊ።"

ቤት ገቡ። ቫሲሊያ እሳት አነደዱ፣ ጫማዋን አውልቀው ምድጃው ጥግ አስቀመጡት፣ አይብና ዳቦ አቀረቡ። ስትበላም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እያዩዋት ይናገሩ ነበር። ሚልካ ቀበጥ እንደነበረች፣ ከድመት ጋር እንደምትተኛ፣ በሦስት ዓመቷ የፈላ ወተት ግራ ትከሻዋ ላይ ፈስሶ እንደ ቅጠል ያለ ጠባሳ እንደተወባት።

ሴካ ዳቦውን ማኘክ አቆመች። በግራ ትከሻዋ ላይ ምንም የለም፤ ንጹሕ ነው። ሸሚዟን ዝቅ አድርጋ ማሳየት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ቫሲሊያም አላዩም፣ "አሳዪኝ" አላሉም፤ ተነስተው ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ።

"ብዪ እንጂ" አሏት። "ከከተማ መጥተሽ በረሃብ ልትሞቺብኝ ነው?"

ሴካም በላች። በማግስቱ ስትሄድ አሮጊቷ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኟት፣ "የፕሪሙ ጊዜ ትመጫለሽ" አሏት። ጥያቄ አልነበረም። ሴካ "እመጣለሁ እማዬ" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት፤ በሕይወቷ ለማንም ብላው አታውቅም ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ለኦስቶያ ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱ ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰ።

"እኔ እኮ" አላት፣ "አማት አይኖርብኝም ብዬ ነው ያገባሁሽ። አሁን ጫማሽ እስኪበላ ሄደሽ አማት አመጣሽብኝ።"

"እናቴ አይደሉም አልኩህ እኮ።"

"ታዲያ ንገሪያቸዋ።"

"አልችልም።"

"እንግዲያስ አማቴ ናቸው" አለና ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሣር የሚያጭድላቸው ሰው አላቸው?"

አልነበራቸውም። በዚያ በጋ ኦስቶያ ራሱ ረጅሙን ማጭድ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሣር ለማጨድ፣ ፕሪም ለመልቀም፣ እንጨት ለመፍለጥ ወደ ቫሲሊያ ይሄዱ ነበር። ልጆቹ "አያታችን ጋ" ይላሉ። ሴካ የቀሩትን ባቢቺዎች መፈለግ ተወች። አንድ ቀን ባልደረባዋ ለምን እንደተወች ስትጠይቃት፣ "ፈቃዴ አይበቃም" አለቻት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሌላ ቦታ ሄዳ እናቷን ብትጠይቅ ቫሲሊያን የምትከዳ ይመስላት ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመስከረም አንድ ቀን፣ መስኮቷ ፊት ረጅም ሰልፍ ቆሞ ሳለ አንድ አጭር ሽማግሌ ደርሰው ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

"ወዴት?" አለች ሴካ ሳታያቸው።

"የትም። ፈረስ ሸጬ ነው የመጣሁት።"

ቀና ስትል ሃምዲያ ናቸው። ጺማቸው ነጥቷል።

"አባባ ሃምዲያ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ሽማግሌው!" አለ ከኋላ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው። "ትኬት ካልቆረጡ ዞር ይበሉ፣ ባቡር ሊያመልጠን ነው!"

"ያምልጥህ" አሉት ሃምዲያ ሳይዞሩ። "የኔ ነገር ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፣ ያንተ አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ምን ይጎድልሃል? ስሚኝ ልጄ። ከኮዛራ ተራራ በታች ባለው ገበያ አንድ የጋሪ ጎማ ሠሪ አገኘሁ። ፈረሴን ሊገዛ ጥርሱን ሲያይ እኔ ጣቱን አየሁ።" ትንሿን ጣታቸውን አጥፈው በመስታወቱ አሳዩዋት። "ስምህ ማነው አልኩት። ጎይኮ ባቢች አለኝ። ከየት ነህ ስለው፣ ከባቢቺ አለኝ። የጠፋ ዘመድ አለህ ወይ ስለው ፈረሱን ለቀቀው።"

ሴካ ማህተሙን እንደያዘች ቀረች።

"ምን አለ?"

"ሴካ አለ። አንዲት ታናሽ እህት ነበረችኝ፣ ሴካ እንላት ነበር አለ።"

ሻንጣ የያዘው ሰው ነገሩን ሰምቶ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከኋላ ያለችው ሴት ግን አልሰማችም ነበርና፣ "መስኮቱ ተዘጋ እንዴ?" ብላ ጮኸች። "አዎ፣ ተዘግቷል" አላት እሱ። ሴካ የመስኮቱን መዝጊያ አውርዳ ከወንበሯ ተነሳች፤ በአሥራ አምስት ዓመት የሥራ ዘመኗ እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሳምንቱ ከኦስቶያ ጋር ሄዱ። ጎይኮ ባቢች በግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ። ከሴካ በሦስት ዓመት የሚበልጥ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ሰላም ተባብለው ገቡ። ቁጭ ካሉም በኋላ ጎይኮ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ እሷም ሁለት እጇን አጠገቡ ዘረጋች። አራቱም ትንንሽ ጣቶች ወደ ውስጥ ጎብጠዋል።

"የአባታችን ነው" አለ ጎይኮ። "ጭፈራ ሲጨፍር ሰው እጁን ለመያዝ ይቸገር ነበር።"

"እጇ የጠቆረ ሴት ነበረች" አለች ሴካ። "ፊቷን አላስታውስም።"

"እናታችን ናት። በዋልነት ፍሬ ልጣጭ ሱፍ ጥቁር ታቀልም ነበር። ፍሬው በሚለቀምበት ወቅት ሙሉ እጇ አይነጻም።" ቆቡን አንስቶ ያዘ። "ከመንደር አፈናቅለው ያጎሩን ካምፕ ውስጥ ሞተች። እኔ አይቻለሁ። አንቺ በማግስቱ ነው የተወሰድሽው።"

ሴካ አለቀሰች፤ ብዙ ግን አይደለም። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊመልስላት የሚችል ሰው ያልነበረውን ጥያቄ ጠየቀችው።

"ትክክለኛ ስሜ ማነው?"

ጎይኮ አያት። ፊቱ እየቀላ ሄደ።

"አላውቅም" አለ።

"እንዴት አታውቅም?"

"ሴካ ነበርሽ። ሁላችንም ሴካ ነበር የምንልሽ። እኔ እኮ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የክርስትና ስምሽን ማን ይነግረኛል? ቤተ ክርስቲያኑ ከነመዝገቡ ነደደ።" ቆቡን እጁ ላይ አዞረው። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እዚህ ጋ ኦስቶያ መታገሥ አቃተው። "የተባረክ ሰው" አለ፣ "ሠላሳ ዓመት ጠብቃ ወንድም አገኘች፣ ወንድሙ ደግሞ ከኔ የበለጠ አያውቅም!" ጎይኮ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ሳቀ፤ ሲስቅ አፉን የሚይዝበት አያያዝ የሴካ ትንሿ ልጅ አያያዝ መሆኑን ሴካና ኦስቶያ አዩ።

ከዚያ የከበደው ነገር መጣ። ጎይኮ ስለ ቫሲሊያ ሲሰማ አልተዋጠለትም።

"እናት ነበረችን" አላት። "የምን ሌላ እናት ነው?"

"ሌላ እናት አላልኩም።"

"ታዲያ 'እማዬ' ስትያቸው ምን ማለትሽ ነው?"

"ስምንት ዓመት አጠገቤ ነበሩ ጎይኮ። አንተን እስካገኝህ ማንም አልነበረኝም። እሳቸውም ማንም የላቸውም።"

"ይነገራቸዋ።"

"ይነገራቸዋል" አለች ሴካ። ግን ፕሪሙ ተለቅሞ እስኪያልቅ አራዘመችው፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ፤ ቀጥሎ እስኪቀልጥ። በግንቦት ጎይኮ ራሱ ዶቦይ መጥቶ፣ "ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" አላት።

ዳገቱን ወጡ። ቫሲሊያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ከሴካ ኋላ የሚመጣውን ሰው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩት።

"ይሄኛውንስ" አሉ፣ "መቼ ነው የወለድኩት?"

ሴካ አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። "እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ወንድሜ ነው። የተወለድኩት እዚህ አይደለም፣ ከኮዛራ ሥር ነው። እኔ ሚልካ አይደለሁም።"

ቫሲሊያ ባቄላ መፈልፈላቸውን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን?"

"ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። በሩቅ ሳይሽ እሷ መሰልሽኝ፣ እግዜር ይየው። ቤት ገብተሽ ስትቀመጪ ግን የሚልካ ዓይን እንዳልሆነ አየሁ። ስለዚህ የትከሻዋን ጠባሳ ነገርኩሽ። ሸሚዝሽን ዝቅ አድርገሽ 'እማማ፣ የኔ ትከሻ ንጹሕ ነው' እንድትዪኝ ጠበቅሁ። አላልሽም። ዳቦሽን በላሽ። እንግዲህ ይቺ ልጅ ካልተናገረች እኔ ምን አናገረኝ ብዬ ተውኩት።"

"እኔ እኮ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው!"

"እኔስ? በዚያ ጭቃ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መጥተሽ 'አይደለሽም፣ ተመለሽ' ልበልሽ?"

ጎይኮ እስከዚያ ቆሞ ነበር። ቆቡን አወለቀና ደረጃው ላይ፣ ከአሮጊቷ እግር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ከቅርጫቱ ባቄላ አንስቶ መፈልፈል ጀመረ። ቫሲሊያ አሠራሩን አይተው፣ "ገለባውን እዚያ አይደለም፣ ለአሳማው ነው፣ በዚህ በኩል" አሉት። እሱም "እሺ እማማ" አለ።

ምሳ ሲበሉ ቫሲሊያ ሴካን እያዩ አንድ ነገር አሏት። "ወንድምሽ ስምሽን አያውቅም ካልሽ፣ የሚልካን ስም ውሰጂው። ስም ነው፣ ተቀምጧል።"

ሴካ ጥቂት አሰበችበት። "ይቆይላት እማዬ" አለች። "የሷ ነው። እኔ ሴካ ይበቃኛል።"

አሮጊቷ የዳቦውን ትልቁን ክፍል ወደሷ ገፉት።

ቫሲሊያ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። በሦስተኛው ክረምት በየካቲት ሞቱ። በረዶው የያይጼን መንገድ ስለዘጋው ቴሌግራሙ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሴካ ቀብራቸው ላይ አልተገኘችም። በአራተኛው ቀን ስትደርስ ጎረቤቶቹ ቀብረዋቸው፣ ምድጃውን አጥፍተው፣ ዶሮዎቹን ተከፋፍለዋቸው ነበር። በዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ተጸጸተች። ኦስቶያ "በረዶውን አንቺ አላወረድሽውም" ይላት ነበር፤ ግን ቃሉ ብዙም አላጽናናትም።

ቤቱ ለባላቸው የወንድም ልጅ ደረሰው። እሱ የሚኖረው ከተማ ስለነበር ዛፎቹ ይረሳሉ ብላ በመጋቢት ከጎይኮና ከኦስቶያ ጋር ልትገርዛቸው ወጣች። ጎይኮ እየገረዘ ከትልቁ ዛፍ ላይ አምስት ቀጫጭን ቅርንጫፎች መርጦ ቆረጠና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለላቸው።

"ለምንህ ነው?" አለው ኦስቶያ።

"እኛ ጋ ያለው ፕሪም ኮምጣጣ ነው። ልሞክረው።"

በሚያዝያ በራሱ ግቢ ዛፎች ላይ ሰንጥቆ እየሰካ አዳቀላቸው። ከአምስቱ ሁለቱ ያዙ። አንዱን በቀጣዩ ዓመት ፍየል በላው፤ አንዱ ቀረ።